የእርሻ መሐንዲስ ሥራና የሙያው የወደፊት ዕድል

በእርሻ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ለሚሠራ ሰው አዘውትረው ከሚቀርቡለት ጥያቄዎች አንዱ «የእርሻ መሐንዲስ ማለት ምን ዐይነት ባለሙያ ነው?» የሚል ነው። ጠያቂው አንዳንድ ጊዜ ልጁን ወደ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ለመላክ የሚያስብ የከተማ ነዋሪ፣ አንዳንድ ጊዜም በመሥሪያ ቤቱ የሥራ መደብ ዝርዝር ላይ ይህን ስም አይቶ የተገረመ ሹም ነው። መሐንዲስ ሲባል ድልድይና ሕንፃ፣ እርሻ ሲባል ደግሞ በሬና ዘር በሰው አሳብ ስለሚመጣ፣ ሁለቱ ቃላት ሲጣመሩ ትርጕማቸው ለብዙ ሰው ግልጽ አይሆንም። ባላገሩም ስሙን የሰማ እንደ ሆነ «ትራክተር ሊያመጣልን የመጣ ሰው» ብሎ ይተረጕመዋል።

የሰብል ባለሙያ ዘሩ ምን እንደሚሻ ያውቃል፤ የእንስሳት ባለሙያ በሬው ምን በልቶ እንደሚጠነክር ያውቃል። የእርሻ መሐንዲስ የሚጠይቀው ጥያቄ ግን ሌላ ነው፤ ይኸውም ይህ ሥራ ስንት ኀይል፣ ስንት ውኃ፣ ስንት ሰዓትና ስንት ብር ይፈጃል? ከዚህስ ውስጥ ያለ ጥቅም የሚባክነው ምን ያህሉ ነው? የሚል ነው። ስለዚህ ማረሻውና ትራክተሩ፣ መስኖውና እርከኑ፣ አውድማውና ጎተራው፣ የከብቱ በረትና ወፍጮው ሁሉ በእርሱ ሙያ ክልል ውስጥ ይገባሉ። የሙያው ዋና ሥራ መለካት ነው፤ መኪና ማምጣት ከልኬቱ በኋላ የሚመጣ፣ አንዳንድ ጊዜም ጭራሽ የማያስፈልግ ነገር ነው። ሙያው ወደፊት ምን ዕድል እንዳለው ለመመርመርም አስቀድሞ በምን በምን ላይ እንደሚሠራ በምሳሌ ማየት ይገባል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ የተቈጠሩት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ እንዲያስተውል ይሁን።)

ስለ ማረሻ

ተማሪው ትምህርቱን ከመጽሐፍ ቢጀምርም ሥራውን መጀመር ያለበት በገበሬው ትከሻ ላይ ካለው ዕቃ ነው። በኢትዮጵያና በኤርትራ ደጋ ከሚታረሰው መሬት የሚበዛው ዛሬም የሚታረሰው በበሬ ነው። ሞፈርና ቀንበር፣ እርፍና ድግር፣ ወገልና ምራን ተገጣጥመው የሚሠሩት ይህ መሣሪያ ከነቀንበሩ ከ17 እስከ 26 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። ስለዚህ ገበሬው ጠዋት ተሸክሞት ይወጣል፤ ማታም ተሸክሞት ይገባል። ከብረቱ በቀር ሌላው እንጨትና ጠፍር በመሆኑ ሞፈሩ ቢሰበር ከጫካ ቈርጦ ይተካዋል፤ ብረቱ ቢዶለዱም የመንደሩ ቀጥቃጭ በእሳት አግሎ ያሾልለታል። መለዋወጫው ከሰፈር የሚገኝ መሣሪያ ማለት ይህ ነው።

ከጣልያን ወረራ ዘመን ጀምሮ አፈር የሚገለብጥ የብረት ማረሻ ለገበሬው ለማስለመድ በየጊዜው ተሞክሯል፤ ነገር ግን አልተስፋፋም። ምክንያቱም ሲጠየቅ «ገበሬው አዲስ ነገር አይወድም» የሚል መልስ ይሰጥ ነበር። ይህ መልስ ለመስጠት ቀላል ቢሆንም በሚዛን ሲታይ አይጸናም። በሬ ሳይጐዳ ለብዙ ሰዓት ሊስብ የሚችለው ከክብደቱ ዐሥር በመቶ ያህሉን ነው። እያንዳንዳቸው 300 ኪሎ የሚመዝኑ ሁለት በሬዎች ሲጠመዱ 60 ኪሎ ያህል ስበት ይኖራቸዋል ማለት ነው። ገበሬው ማረስ የሚጀምረው ደግሞ በበጋው መጨረሻ፣ ድርቆሹ ባለቀበትና በሬው በከሳበት ወራት ስለ ሆነ ኀይሉ ከዚህም ያነሰ ነው። ገልባጩ ማረሻ ከባድና ብዙ አፈር የሚያነሣ በመሆኑ በሬውን ያቆመዋል፤ ዋጋውም ከፍ ያለ ነው፤ ሲሰበርም የመንደሩ ቀጥቃጭ አይጠግነውም። ገበሬው የስበት ሚዛን ባይኖረውም በሬውን ያውቃል። እዚህ ላይ የተሳሳተው መሣሪያውን ሳይለካ ያመጣው ሰው ነበር።

ይሁን እንጂ የአባቶችን ማረሻ እንዲሁ ማመስገን ብቻ የመሐንዲስ ሥራ አይደለም፤ ጕድለቱንም መለካት አለበት። የማረሻው ጫፍ የሾለ በመሆኑ የሚያወጣው ትልም ከላይ ሰፊ ከታች ጠባብ ነው። በገመሳ ጊዜ ጥልቀቱ 8 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ በአንዱና በሌላው ትልም መካከልም ያልተነካ መሬት ይቀራል። ይህን ለመጨረስ ገበሬው በአይማው ጊዜ የመጀመሪያውን ትልም አቋርጦ ማረስ ይገደዳል፤ በስለሳውም እንደገና ያቋርጣል። ለጤፍ አራት አምስት ጊዜ፣ አንዳንድ ስፍራም ከዚያ በላይ ይታረሳል።

ይህ ድካም በቍጥር ሲገለጥ ምን ያህል እንደ ሆነ እንመልከት። አንድ ሔክታር ዐሥር ሺህ ካሬ ሜትር ነው። ከአንዱ ትልም እስከ ሌላው ያለው ርቀት 25 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ አንድ ሔክታር አንድ ጊዜ ለማረስ ገበሬውና በሬዎቹ 40 ኪሎ ሜትር ይሄዳሉ። አምስት ጊዜ ሲታረስ 200 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ይህም ከአዲስ አበባ አሰላ ከሚያደርሰው መንገድ ይረዝማል፤ ያውም በእግር፣ እርፍ ተጭኖ፣ በጭቃ ውስጥ ነው።

ከድካሙ የሚብሰው በተዳፋት መሬት ላይ የሚደርሰው ጕዳት ነው። አንዱን እርሻ ተዳፋቱን አግድም ያረሰ ገበሬ ሁለተኛውን ለማቋረጥ ሲል ሽቅብና ቍልቍል ማረሱ የማይቀር ነው። እያንዳንዱ ቍልቍል የወረደ ትልም ለጎርፍ የተቀደደ ቦይ ነው። በስዊስ አገር በበርን ዩኒቨርሲቲ ርዳታ በ1981 በኢትዮጵያ የተጀመረው የአፈር ጥበቃ ምርምር ካገኘው ልኬት ተነሥቶ የተሰላው ግምት፣ በደጋው ከሚታረስ መሬት ላይ በዓመት በአማካይ 42 ቶን አፈር ከአንድ ሔክታር እንደሚታጠብ ያመለክታል። ይህ በመሬቱ ላይ ቢዘረጋ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት አለው። በዐይን የማይታይ ቢሆንም አንድ ሰው ከአባቱ ተረክቦ ለልጁ እስኪያወርስ ድረስ በሚያልፈው ሠላሳ ዓመት ውስጥ 12 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ ይህም ከገመሳው ትልም ይጠልቃል።

ለዚህ ችግር የተገኘው መፍትሔ ከትልቅ ፋብሪካ የወጣ አልነበረም። ዶክተር መለሰ ተመስገን የተባሉት ኢትዮጵያዊ የእርሻ መሐንዲስ የገበሬው ሞፈርና ቀንበር እንዳለ ሆኖ፣ ከታች የሚገጠመውን ክፍል ብቻ በመለወጥ፣ ሳይቋረጥ አግድም ብቻ ለማረስና ከማረሻው በታች የደደረውን አፈር ለመስበር የሚያስችሉ መሣሪያዎችን ሠርተው ፈትነዋል። በሬው ያው በሬ ነው፤ ገበሬው የለመደውም አያያዝ ብዙም አልተለወጠም።

የጥቁሩን መሬት ነገርም እንዲሁ ማየት ይቻላል። ዋልካ ወይም መረሬ የሚባለው አፈር በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ ከሰባት ሚሊዮን ሔክታር በላይ ይሸፍናል። ክረምት ሲገባ ውኃ አቍሮ ስለሚያጨቀይ ብዙው ገበሬ ዝናቡ እስኪያልፍ ጠብቆ በነሐሴ መጨረሻና በመስከረም ይዘራል፤ የዓመቱ ዝናብ የሚበዛው ክፍልም ሳይሠራበት ይሄዳል። በሰሜን ሸዋ በእነዋሪ አካባቢ ያሉ ገበሬዎች ይህን ለመከላከል ከጥንት ጀምሮ በእጃቸው ሰፋፊ መደብ እየሠሩ በመካከሉ ቦይ ያወጡ ነበር፤ ሥራውም በሴቶችና በልጆች ጀርባ የሚፈጸም አድካሚ ሥራ ነበር። በ1980ዎቹ ዓመታት ዓለም አቀፉ የአፍሪካ እንስሳት ምርምር ማእከል ከሌሎች የምርምር ድርጅቶች ጋር ሆኖ፣ ሁለት ማረሻ አጣምሮ መደብ የሚያወጣ በበሬ የሚጐተት መሣሪያ ሠራ። ይህም «ቢቢኤም» በመባል ይታወቃል። የመጀመሪያው ዐይነት ከባድ ነበረና ኋላ የብረት ክንፍ ተደርጎለት ቀለለ፤ ዶክተር መለሰም ከዚያ በኋላ «አይባር» የተባለውን ሌላ ዐይነት አውጥተዋል። ውኃው በቦዩ ሲወርድ ስንዴው በክረምቱ መግቢያ ሊዘራ ይችላል። የእነዋሪ እናቶች በእጃቸው ያወቁትን ነገር መሐንዲሱ በበሬ አደረገው፤ የጥሩ መሐንዲስ ሥራ ብዙውን ጊዜ ይህን ይመስላል።

ስለ ውኃ

ከውኃ ሒሳብ ውስጥ ማንኛውም አንባቢ ሊይዘው የሚገባ አንድ ቍጥር አለ። በአንድ ሔክታር መሬት ላይ የወረደ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ዐሥር ሺህ ሊትር ውኃ ነው። በደረቅ ወራት አንድ ሰብል በቀን 5 ሚሊ ሜትር ውኃ ቢፈልግ፣ በመንገድ የሚባክነው ሳይታሰብ፣ ለአንድ ሔክታር በየቀኑ 50 ሺህ ሊትር መቅረብ አለበት። በባልዲ ይሁን ከተባለ፣ 20 ሊትር የሚይዝ ባልዲ 2,500 ጊዜ መሳብ ነው። «ወንዙ አጠገባችሁ እያለ ስለ ምን መስኖ አትሠሩም?» እያሉ ባላገሩን የሚወቅሱ የከተማ ሰዎች ይህን ቍጥር ቢያውቁ ነቀፋቸውን ይቀንሱ ነበር።

ይህንኑ 50 ሺህ ሊትር ከ6 ሜትር ጥልቀት ለማውጣት በመሳቢያው ሞተር ውስጥ የሚባክነው ኀይል ተጨምሮበት በቀን 2 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ኀይል ይበቃል። ፀሐይ በሚበዛበት በአገራችን ይህን ያህል ኀይል ሁለት ወይም ሦስት መካከለኛ የሶላር ሠሌዳዎች ሊያወጡት ይችላሉ። ነዳጅ በጀሪካን ከሩቅ ከተማ ማመላለስ ለሚያስቸግረው ገበሬ ይህ ታላቅ ነገር ነው፤ ለመሐንዲሱም አዲስ የሥራ በር ነው። ነገር ግን ሞተሩ ያለ ነዳጅ ውኃ ስለሚስብ ገበሬው ሳይሰስት ይስባል፤ ጎረቤቱም እንዲሁ ያደርጋል። ጕድጓዶቹ በዓመት ምን ያህል እንደሚሞሉና ምን ያህል እንደሚቀዱ የሚለካ ሰው ከሌለ፣ በመጀመሪያው ዓመት የተመሰገነው ሥራ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በደረቀ ጕድጓድ ላይ የቆመ ሠሌዳ ሆኖ ሊቀር ይችላል።

ውኃ ማምጣት የሥራው ግማሽ ነው፤ ሌላው ግማሽ ውኃውን ማስወጣት ነው። ይህን የዘነጋ መስኖ የሚደርስበትን በመካከለኛው አዋሽ በአሚባራና በመልካ ሰዲ የጥጥ እርሻዎች አይተነዋል። የማንኛውም ወንዝ ውኃ ጥቂት ጨው አለው። በአንድ ሊትር ውስጥ ግማሽ ግራም ጨው ቢኖር፣ በዓመት አንድ ሜትር ውኃ የጠጣ አንድ ሔክታር 5 ቶን ጨው ተቀበለ ማለት ነው። ውኃው ወደ ሰማይ ይተናል፤ ጨው ግን አይተንም። በእነዚያ ስፍራዎች ማጠንፈፊያው ለመስኖው የሚመጥን ባለመሆኑ ጥልቅ የነበረው የከርሰ ምድር ውኃ ከፍ እያለ መጣ፤ ጨውንም ወደ ላይ አወጣው፤ ጥጥ ያበቅል የነበረው መሬትም ከፊሉ ነጭ ቅርፊት ለብሶ ከእርሻ ወጣ። ከ2018 ወዲህ በአዋሽና በዋቢ ሸበሌ ቈላ የበጋ ስንዴ በመስኖ እንዲዘራ ብዙ ጥረት እየተደረገ ነው፤ የሚያስመሰግን ጥረት ነው። ሆኖም በየእርሻው ዳር የውኃውን ከፍታ የሚያሳይ የመለኪያ ጕድጓድ መቈፈርና በየወሩ መመዝገብ ከስንዴው ዘር እኩል አስፈላጊ መሆኑን ለሹማምንቱ ማሳሰብ ይገባል። ሥራው አንድ የብረት ቱቦ፣ አንድ ሜትርና አንድ ደብተር ብቻ ይጠይቃል።

በኤርትራ ምሥራቃዊ ቈላ በሸዕብ አካባቢ ደግሞ ሌላ ትምህርት አለ። በዚያ ዝናብ የለም ማለት ይቻላል፤ ደጋ ላይ የዘነበው ዝናብ ግን በደረቅ ወንዝ በድንገት በጎርፍ ይወርዳል። ገበሬዎቹ ከአፈር፣ ከድንጋይና ከቍጥቋጦ «አጊም» የሚሉትን ክትር እየሠሩ ጎርፉን ወደ እርሻቸው ይመልሱታል። አጊሙ በትልቅ ጎርፍ ይፈርሳል፤ በአንድ ወራት ውስጥም ደጋግመው ይሠሩታል። ይህን ያየ እንግዳ «እንዴት ያለ ደካማ ሥራ ነው!» ይላል። መሐንዲስ ግን ቆም ብሎ ማሰብ አለበት። አጊሙ የሚፈርሰው እርሻውን የሚያጠፋ ታላቅ ጎርፍ ሲመጣ ነው፤ በመፍረሱም ጎርፉ በወንዙ ያልፋል፤ መሬቱ ይድናል። ኤሌክትሪክ ሲበዛ ቤቱ እንዳይቃጠል ተቃጥሎ የሚያድን «ፊውዝ» የምንለውን ዕቃ ይመስላል። በ2000ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ በላባ ወንዝ ላይ በሲሚንቶና በብረት መዝጊያ የተሠራ ዘመናዊ መጥለፊያ ተተከለ፤ ይህም የገበሬውን ጕልበትና የሚቈረጠውን ዛፍ ለማዳን የታሰበ በጎ አሳብ ነበር። ነገር ግን በትልቅ ጎርፍ ጊዜ እንዲፈርስ ተብሎ በጎኑ የተሠራው የአፈር ክትር መልሶ ለመሠራት ቡልዶዘር ይፈልጋል፤ አጊሙን ግን መንደሩ በበሬና በግመል ይሠራው ነበር። ቡልዶዘሩ እስኪመጣ ድረስ የሚወርደው ጎርፍ ሁሉ ወደ ባሕር ይሄዳል። ከዚህ የተነሣ በዚያ አገር የውኃ ሥራ ሲታቀድ፣ ሲሚንቶው ከመፍሰሱ በፊት «ሲፈርስ ማን ያድሰዋል? በምን መሣሪያ? በስንት ቀን?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። የውኃው አከፋፈል ሕግም በመንደሩ ሽማግሌዎች ዘንድ ያለ ስለ ሆነ፣ የመዝጊያው በር የሚከፈትበትን ሰዓት መሐንዲሱ ብቻውን ሊወስነው አይችልም።

ስለ ትራክተርና ስለ ኮምባይነር

ትራክተር በከተማ ሰው ዘንድ የሥልጣኔ ምልክት ተደርጎ ይታያል። ጥቅሙን የሚክድ የለም፤ ነገር ግን የሚያመጣውን ሁሉ አስቀድሞ መመርመር ግድ ነው። በ1967 በስዊድን መንግሥት ርዳታ በአርሲ በጭላሎ የተቋቋመውና «ካዱ» ተብሎ የታወቀው የእርሻ ልማት ድርጅት አሳቡ ትንንሾቹን ገበሬዎች በምርጥ ዘርና በማዳበሪያ ለመርዳት ነበር። ይሁን እንጂ እርሻው ትርፍ እንደሚያስገኝ ባለ ርስቶች ባዩ ጊዜ፣ ብዙዎቹ ትራክተር እየገዙ መሬቱን ራሳቸው ማረስ ጀመሩ፤ ጭሰኞቹንም አስነሡ። አንድ ትራክተር በገባበት ስፍራ ብዙ ቤተ ሰብ ዕቃውን ጭኖ ወጣ። በ1975 የታወጀው የመሬት አዋጅ የጭሰኝነትን ሥርዐት ቢሽርም የተነቀለው ጎጆ በዚያ አልተመለሰም። መኪናው ማንንም አልበደለም ይባል ይሆናል፤ ሆኖም ስንት ሔክታር እንደሚያርስ ያሰላ መሐንዲስ በእነዚያ ሔክታሮች ላይ የሚኖሩት ሰዎች ወዴት እንደሚሄዱ መጠየቅ አያቅተውም።

ዛሬ ችግሩ በሌላ መልክ ይታያል። አንድ ትራክተር በቀን 4 ሔክታር ቢያርስና የእርሻው ወራት 40 ቀን ቢሆን 160 ሔክታር ያርሳል። በኢትዮጵያ የአንድ ገበሬ ይዞታ በአማካይ አንድ ሔክታር ያህል፣ ያውም በሁለትና በሦስት ስፍራ የተበታተነ ነው። ስለዚህ ትራክተሩ ዋጋውን እንዲያወጣ ከመቶ የሚበልጡ ገበሬዎች ተራ ጠብቀው ሊከራዩት ያስፈልጋል። «ኩታ ገጠም» የተባለው አሠራር መሬታቸው የተያያዘ ገበሬዎች አንድ ዐይነት ሰብል በአንድ ጊዜ እንዲዘሩ በማድረጉ ለዚህ ያግዛል። ሁለት ጎማ ያላቸው ትንንሽ ትራክተሮችም ለጠባብ ማሳ ተስማሚ ናቸው፤ መውቂያና ውኃ መሳቢያም ስለሚያንቀሳቅሱ ከእርሻው ወራት ውጭ ሥራ አይፈቱም።

ስለ መለዋወጫ ብዙ ቢባልም አይበዛም። አንድ ኩሽኔታ ወይም አንድ ቺንጋ ጠፍቶ በሚሊዮን የሚቈጠር ብር የወጣበት መኪና በዝናብ ወራት ቆሞ ማየት በየስፍራው የተለመደ ሆኗል። በኢትዮጵያ በ2019 የእርሻ መኪናዎችና የመስኖ ዕቃዎች ከቀረጥ ነጻ እንዲገቡ መፈቀዱ መልካም ነው፤ ነገር ግን በየዓመቱ ከልዩ ልዩ አገር ልዩ ልዩ ዐይነት መኪና ሲገባ የአንዱ ፍሪሲዮን ለሌላው አይሆንም፤ መካኒኩም አንዱን ሳይለምድ ሌላው ይመጣበታል። ለመግዛት ሥልጣን ያላቸው ሰዎች የመኪናውን ዋጋ ብቻ ሳይሆን የቅርቡን የመለዋወጫ መደብር ርቀት በኪሎ ሜትር ጽፈው ቢያወዳድሩ ብዙ ገንዘብ ይድናል።

በአርሲና በባሌ ስንዴ አምራች ወረዳዎች ኮምባይነር እየተከራዩ ማሳጨድ ከተለመደ ቈይቷል። ገበሬው ኪራዩን በኩንታል ቈጥሮ ይከፍላል፤ መሬት ላይ የሚቀረውን ግን የሚቈጥር ጥቂት ነው። ቍጥሩ ቀላል ነው። አንድ ሺህ የስንዴ ፍሬ 36 ግራም ያህል ይመዝናል እንበል። ኮምባይነሩ ካለፈ በኋላ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ስፍራ በገመድ ከልሎ ገለባውን አንሥቶ የወደቀውን ፍሬ መቍጠር ነው። 280 ፍሬ ከተገኘ በሔክታር አንድ ኩንታል ጠፋ ማለት ነው። ሳይታጨድ በፊት በራሱ የረገፈውን ለማወቅም ባልታጨደው ላይ እንዲሁ ቈጥሮ መቀነስ ያስፈልጋል። በአንድ ስፍራ ብቻ መቍጠር ያሳስታልና በአራት በአምስት ስፍራ ተቈጥሮ አማካዩ ይወሰድ። ጥፋቱ የበዛ እንደ ሆነ ነጂው ፍጥነቱን እንዲቀንስ ወይም ወንፊቱንና ነፋሱን እንዲያስተካክል ገና ማሳው ሳያልቅ መንገር ይቻላል። ነጂዎች መቸኰላቸው የታወቀ ነው።

በጤፍ ረገድ ግን ሙያው ገና ዕዳ አለበት። ፍሬው እጅግ ደቃቅ በመሆኑ በአንድ ግራም ውስጥ ከሁለት ሺህ ይበልጣል። በ2010ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ ጤፍ በመስመር እንዲዘራ በሰፊው በተሰበከ ጊዜ የዘሩ መጠን መቀነሱ እውነት ነበር፤ ነገር ግን የመዝሪያ መሣሪያው ሳይደርስ ትምህርቱ ቀደመ፤ ገበሬው ከነቤተ ሰቡ ጐንበስ ብሎ በእጁ መስመር ሲያወጣ ከረመ፤ በገበሬው ማሳ ላይ የተገኘው ጭማሪም በምርምር ማሳ ከታየው ያነሰ ሆነ። ለጤፍ የሚሆን፣ ርካሽና በመንደር የሚጠገን መዝሪያ የሠራ መሐንዲስ ሐውልት ቢቆምለት አይበዛበትም።

ጎተራን በሚመለከት በአጭሩ እናልፋለን። እህል ከ13 በመቶ በላይ ርጥበት ይዞ ከተከተተ ይሻግታል፤ ነቀዝም ይፈላበታል። መለኪያ የሌለው ገበሬ ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ ጥቂት ደረቅ ጨውና እህሉን ጨምሮ ነቅንቆ ይመልከት፤ ጨው ከጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ እህሉ ገና አልደረቀም። አየር የማያስገባው በሦስት ሽፋን የተሠራው ጆንያ ነቀዝን ያለ መድኃኒት አፍኖ ስለሚገድል ዋጋውን ያወጣል፤ አፉ በደንብ ካልታሰረ ግን እንደ ማንኛውም ጆንያ ነው።

ስለ ትምህርቱና ስለ ወደፊቱ ሥራ

በኢትዮጵያ የከፍተኛ እርሻ ትምህርት ሲመሠረት እርሻና መኪና አልተለያዩም ነበር። በ1952 ከአሜሪካ የኦክላሆማ ኮሌጅ ጋር በተደረገው ውል መሠረት በጅማ ተጀምሮ በ1956 ወደ አለማያ የተዛወረው ኮሌጅ ስሙ ራሱ የእርሻና የመካኒክ ጥበብ ኮሌጅ የሚል ነበር። በ1986 የአርባ ምንጭ የውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተቋቋመ፤ በመልካሳ የእርሻ መሣሪያዎች ምርምር ይካሄዳል፤ በኤርትራም የሐመልማሎ የእርሻ ኮሌጅ የእርሻ ምሕንድስና ያስተምራል። ትምህርት ቤቶች በዝተዋል፤ የሚመረቁትም በዝተዋል። ታዲያ ሥራውስ?

እዚህ ላይ ለወላጆችና ለተማሪዎች እውነቱን መናገር ይገባል። «ተመርቄ መንግሥት ቢሮ እገባለሁ» ለሚል ሰው የሙያው ዕድል ሰፊ አይደለም። በወረዳ ያለው መደብ ጥቂት ነው፤ የተመደበውም ባለሙያ ብዙ ጊዜ የሚውለው በሪፖርትና በስብሰባ ነው። አንድ መሐንዲስ ያለ መጓጓዣ፣ ያለ ሜትርና ያለ ውኃ ልክ መቅጠር ጸሐፊ መቅጠር ነው፤ ጸሐፊ ደግሞ በርካሽ ይገኛል። ሥራው ራሱ ግን ተትረፍርፏል። የተሠሩት የመስኖ ቦዮች በደለል ይሞላሉ፤ የውኃ መሳቢያዎቹ ይበላሻሉ፤ ኮምባይነሮቹ በመኸር ወራት ይሰበራሉ፤ የሶላር ሠሌዳው ለየትኛው ጕድጓድ እንደሚበቃ የሚያሰላ ሰው ይፈለጋል። ይህን ሥራ የሚከፍልበት ግን ገበሬው፣ ማኅበሩ ወይም የመኪናው ባለቤት ነው። ስለዚህ የመጪው ዘመን የእርሻ መሐንዲስ የሚበዛው በጥገና ቤት፣ በኪራይ ድርጅት፣ በመስኖ ማኅበርና በመሣሪያ መሥሪያ ውስጥ ይሆናል ብለን እንገምታለን። ሁለት ሦስት ተመራቂዎች ተባብረው በአንድ የስንዴ ወረዳ የመለዋወጫና የጥገና ቤት ቢከፍቱ ከቢሮ ደመወዝ የተሻለ እንጀራ ያገኛሉ፤ ባንኮች ለትራክተር ገዢ የሚሰጡትን ብድር ለጠጋኙም እንዲሰጡ ቢደረግ ደግሞ ይበልጥ ይቀናል።

ከሳተላይት የሚገኝ ሥዕልና በሰማይ የሚበር ድሮን ስለ ማሳው ርጥበትና ስለ ሰብሉ ጤና ብዙ መናገር ጀምረዋል፤ ወጣቶችም ይህን መማር ይገባቸዋል። ሆኖም ሥዕሉ ማሳው ውኃ እንደ ተኛበት ቢያሳይ ቦዩን የሚያወጣው ሰው ነው።

ሁለት ነገሮች ችላ ተብለው ቈይተዋል። አንደኛው የሴቶች ሥራ ነው። የናፍጣና የኤሌክትሪክ ወፍጮ ስንት ሚሊዮን ሴቶችን ከድንጋይ ወፍጮ እንዳሳረፈ ስናስብ፣ አረሙን፣ ውኃ መሸከሙን፣ የእህል ማበጠሩን ሥራ በሚዛንና በሰዓት የለካው ሰው ጥቂት መሆኑ ያስገርማል። በየትምህርት ቤቱ የሚማሩ ልጃገረዶች ቍጥር ሲጨምር ይህ ይለወጥ ይሆናል። ሁለተኛው ቀጥቃጩ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1908 ባለ እጅን እንዳይሰድቡ ዐዋጅ ቢያስነግሩም ንቀቱ በየመንደሩ ብዙ ዘመን ቈየ። ማረሻውን የሚያሾለው፣ ቢቢኤሙን ሊጠግን የሚችለው ያው ሰው ነው። በኤሌክትሪክ መበየጃ ሥራ ቢሠለጥንና ጥሩ ብረት በተመጣጣኝ ዋጋ ቢያገኝ፣ በምርምር ጣቢያ ተፈትኖ የወጣ መሣሪያ በአንድ ዓመት ውስጥ በሃያ መንደር ሊሠራ ይችላል። ያለ እርሱ ግን መሣሪያው በኤግዚቢሽን ላይ ታይቶ ይመለሳል።

ወደዚህ ትምህርት መግባት የሚፈልግ ተማሪ በሒሳብና በፊዚክስ የጠነከረ መሆን አለበት፤ እጁ ዘይት ሲነካ የሚጸየፍ ከሆነ ግን ሌላ ሙያ ይምረጥ። ለኮሌጆቹም አንድ አሳብ እናቀርባለን። የተማሪዎቹ የመስክ ልምምድ ገበሬው ከሚሠራባቸው ወራት ጋር እንዲገጥም ቢደረግ መልካም ነው፤ ለእርሻ መሣሪያ ተማሪዎች ከግንቦት እስከ ሐምሌ፣ ለአጨዳና ለመውቂያ ከኅዳር እስከ ጥር፣ ለመስኖ ደግሞ ከጥር እስከ መጋቢት።